የተሰነጠቀው ቅንድብ፦ ሌኖክስ ሉዊስ አሸነፈ ወይስ ተረፈ?

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቅን አንዱ ልጅ ስልኩን ወደኛ አዙሮ "ይህን እዩልኝ!" አለን። የድሮ ቦክስ ነው። ሁለት ግዙፍ ሰዎች ይፋለማሉ፤ የአንደኛው ግራ ቅንድብ ተሰንጥቆ ፊቱን ደም አልብሶታል። ዙሩ ሲያልቅ ዶክተር መጣ፣ ቁስሉን አየ፣ ጨዋታው ቆመ። የቆሰለው ሰውዬ በንዴት ይጮኻል፣ ተመልካቹ ይጮኻል። ወዲያው የኛም ፀጉር ቤት መጮህ ጀመረ።

"ተበላ! እየመራ እያለ እኮ ነው ያስቆሙት!" አለ ባለስልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ ዞረና "ታዲያ ማን ሰነጠቀው? በር መትቶት ነው?" አለው።

በዚህ መሃል የኔ ተራ አለፈኝ። ክርክሩ ግን አላለፈኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ የቀረችኝን ፓኬጅ አሟጥጬ ስድስቱንም ዙር አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ያየሁት። እና ዛሬ የራሴን ፍርድ ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ቀኑ ጁን 21 ቀን 2003 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ስቴፕልስ ሴንተር። በአንደኛው ጥግ የ37 ዓመቱ እንግሊዛዊ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሌኖክስ ሉዊስ አለ። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት ማይክ ታይሰንን ሜምፊስ ላይ በዝረራ ያሸነፈው ማለት ነው። በሌላው ጥግ የ31 ዓመቱ ዩክሬናዊ ቪታሊ ክሊችኮ አለ። ክሊችኮ ለዚያ ምሽት የታሰበ ተጋጣሚ አልነበረም። ሉዊስ ሊገጥም የነበረው ካናዳዊውን ከርክ ጆንሰንን ነበር፤ ጆንሰን ሲጎዳ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ክሊችኮ ተተካ። ሉዊስ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ116 ኪሎ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በሙያ ዘመኑ ከፍተኛው ክብደቱ ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ክሊችኮ ሻምፒዮኑን በቡጢ አናወጠው። ሦስተኛው ዙር ላይ ደግሞ የሉዊስ ቀኝ እጅ የክሊችኮን ግራ ቅንድብ ከፈተው። ከዚያ በኋላ ያለው ቴክኒክ ምናምን የሚባል ነገር አይደለም፤ ሁለት የደከሙ ግዙፎች እልህ ተጋብተው ሲደባደቡ ነው የምታዩት። ስድስተኛው ዙር እንዳለቀ ዶክተሩ "ይበቃል" አለ። በዚያ ሰዓት ሦስቱም ዳኞች 58 ለ 56 ለክሊችኮ ሰጥተው ነበር። ማለትም ከስድስቱ ዙር አራቱን ክሊችኮ ወስዷል። በመዝገቡ ላይ ግን ያሸነፈው ሉዊስ ነው።

ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው ይህ ነው። አንዱ ወገን "ሉዊስ ተረፈ እንጂ አላሸነፈም" ይላል። ሌላው "ያሸነፈ አሸነፈ" ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ነኝ። ሕጉን እንየው። ቅንድብ የተሰነጠቀው ሳይታሰብ ጭንቅላት ለጭንቅላት በመጋጨት ቢሆን ኖሮ፣ በቂ ዙር ስለሄደ የነጥብ ካርዱ ይታይና ክሊችኮ ያሸንፍ ነበር። ቁስሉ የመጣው በንጹህ ቡጢ ከሆነ ግን መቀጠል ያልቻለው ሰው ይሸነፋል። ይህ የሕግ ባለሙያ ተንኮል አይደለም። ቡጢ ሰውን የሚጎዳው አገጭ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጉበት ላይ የመታ ሰው ሲያሸንፍ "የሆድ ዕቃ ዕድለኛ" አንለውም። የቅንድብ ቆዳም ያው የተጋጣሚው አካል ነው።

"እየመራ ነበር" የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በማራቶን 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ሯጭ ሲመራ አይተናል? ጡንቻው ይዞት ቢቆም "እየመራ ነበር" ተብሎ ወርቅ አይሰጠውም። እዚህ ደግሞ ጡንቻ እንኳን አይደለም፤ ያስቆመው የተጋጣሚው እጅ ነው።

እሺ፣ ሕጉ ይህ ይሁን። ግን ዶክተሩ ለምን አንድ ሁለት ዙር አልታገሠም? የብዙ ሰው ንዴት እዚህ ላይ ነው። የዶክተሩ ምክንያት ቀላል ነበር፦ ክሊችኮ ቀና ሲል የተሰነጠቀው የላይኛው የዓይኑ ቆብ ወርዶ እይታውን ይጋርደዋል። ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው የሚወረውረውን ቡጢ በአንድ ዓይን ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቁስሉ በኋላ ወደ 60 የሚጠጋ ስፌት ፈጅቷል ተብሏል።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ ካተረፍኳቸው ነገሮች አንዱ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ የሚወስነው ማን ነው፣ ሂሳቡን የሚከፍለውስ ማን ነው? አዳራሹ ውስጥ "ይቀጥል!" ብሎ የሚጮኸው ሰው ከቀጠለ መዝናናቱን ያገኛል፤ ዓይን ከጠፋ ግን የሚጠፋው የሱ አይደለም። ቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ አዘጋጁም፣ እኔም በስልኬ የማየው ያው ነን። የሰው ቁስል እንጨት ነው ይባል የለ?

"ክሊችኮ ራሱ እኮ መቀጠል ፈልጎ ነበር" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በጣም ፈልጎ ነበር። ግን ለምን? ወደ 2000 እንመለስ። በርሊን ላይ ከክሪስ በርድ ጋር ሲጋጠም በነጥብ በሰፊው እየመራ ትከሻው ተጎዳና ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ከመቀመጫው አልተነሳም። ቀበቶውን አጣ። ከዚያ የባሰው ግን ስሙ ነው፤ በተለይ አሜሪካ ውስጥ "የሚያቆም፣ ልብ የሌለው" ተባለ። ያን ስም ተሸክሞ ነው ሎስ አንጀለስ የገባው። ስለዚህ ያን ምሽት ራሱን ሊያስቆም የሚችል ሰው አልነበረም። ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንኳ "እቀጥላለሁ" ነበር የሚለው። ሰው የዛሬው ስሙ ሲነካ የነገ ዓይኑን በርካሽ ይሸጣል። ዶክተር ሪንግ አጠገብ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ቦክሰኛው ስለራሱ በትክክል ማሰብ የማይችልበት ደቂቃ ስላለ።

ይህን ስጽፍ የራሴ ቁርጭምጭሚት ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በግቢ የኳስ ውድድር ላይ ዞረብኝ። ልውጣ ስል ከዳር የቆሙት "ጠንክር! ወንድ አይደለህ!" አሉኝ። ጠነከርኩ። አስር ደቂቃ ተጫወትኩ፣ ጨዋታውንም ተሸነፍን። ይኸው እስከ ዛሬ የኮንዶሚኒየሙን አራተኛ ፎቅ ስወጣ ያመኛል። "ጠንክር" ካሉኝ ውስጥ አንድም ሰው ደረጃውን ሊያግዘኝ መጥቶ አያውቅም።

አሁን ቁጥሩን እዩልኝ። ከዚያ ምሽት በኋላ ክሊችኮ 13 ጊዜ ተጋጠመ። 13ቱንም አሸነፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ያንን ተጎድቶ የቀረውን ከርክ ጆንሰንን በሁለት ዙር ጨረሰው። በ2004 እዚያው ስቴፕልስ ሴንተር ኮሪ ሳንደርስን አሸንፎ ሉዊስ የተወውን ቀበቶ ወሰደ። በጉዳት ብዛት ከቦክስ ርቆ፣ በ2008 ተመልሶ ቀበቶውን እንደገና ያዘ። በመጨረሻም 45 አሸንፎ፣ በ2 ብቻ ተሸንፎ፣ አንድም ጊዜ ሪንግ ላይ ሳይወድቅ ጓንቱን ሰቀለ። ሁለቱም ሽንፈቶቹ በጉዳት የመጡ ናቸው። በ2014 ደግሞ የኪየቭ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

ይህ ሁሉ ዶክተሩ "ይበቃል" ካለ በኋላ የመጣ ነው። ሰባተኛው ዙር ቢኖር ክሊችኮ ሊያሸንፍ ይችል ነበር፤ አዎ። ዓይኑንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሊያጣም ይችል ነበር። "ቢቀጥል ኖሮ" የሚሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚቆጥሩት።

ደግሞ ዕጣ ፈንታ ቀልደኛ ናት። የክሊችኮ የመጨረሻ ፍልሚያ በ2012 ሞስኮ ላይ ከማኑኤል ቻር ጋር ነበር። እንዴት አለቀ? አራተኛው ዙር ላይ ቻር በክሊችኮ ቡጢ ፊቱ ተሰንጥቆ ዶክተር አስቆመው። ቻር እየጮኸ "ልቀጥል" ሲል ታያላችሁ። ያን ቀን ግን "ክሊችኮ ተረፈ" ያለ ሰው ብዙም አልሰማሁም። እርግጥ ክሊችኮ እየመራ ነበር። ሕግ ግን በምንወደው ሰው ላይ ሲደርስ "ዝርፊያ"፣ በማናውቀው ሰው ላይ ሲደርስ "ያው ቦክስ ነው" ሊሆን አይችልም።

እስካሁን ለሉዊስ የቆምኩ መስያለሁ። አሁን የሱንም ዕዳ ላውራ፣ ምክንያቱም ዕዳ አለበት።

ሉዊስ በሙያ ዘመኑ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ በኦሊቨር ማኮልና በሃሲም ራህማን። ሁለቱንም በመልስ ፍልሚያ ተበቅሏል። የራህማኑ እንዲያውም በዋዛ አልመጣም፤ በ2001 ራህማን ሌላ ሰው ልግጠም ሲል ሉዊስ ፍርድ ቤት ሄዶ ነው የመልስ ፍልሚያውን ያስከበረው። እንግዲህ የመልስ ፍልሚያን ዋጋ ከሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለክሊችኮ ግን አልሰጠውም። ፌብሩዋሪ 2004 ላይ ጡረታ ወጣ፤ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

እዚህ ላይ ባለስልኩ ልጅ ቅር መሰኘቱ ልክ ነው። ድሉ ንጹህ ነው፤ ጥያቄውን ሳይመልስ መሄዱ ግን ከስሙ ላይ የማይለቅ ነገር ነው። ከታይሰን በኋላ ያበቃለት ሻምፒዮን ነበር ወይስ በሁለት ሳምንት የተቀየረበት ተጋጣሚ ያስቸገረው? ይህን ሊመልስ የሚችለው ሁለተኛው ፍልሚያ ብቻ ነበር።

ግን ደግሞ ወጣቶች ሆነን ስንፈርድ አንድ ነገር እንዳንረሳ። ሉዊስ ጡረታ ሲወጣ 38 ዓመቱ ነበር። ሙሐመድ አሊም በ38 ዓመቱ፣ በ1980፣ ላሪ ሆምስን ገጥሞ ነበር። አሰልጣኙ ከ10ኛው ዙር በኋላ አላስወጣህም እስኪለው ድረስ ተደበደበ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እንደገና ገባ፣ እንደገና ተሸነፈ። አሊን "ይበቃል" የሚለው ሰው ዘግይቶበታል። ሉዊስ ግን ለራሱ በጊዜ ብሎታል። ለክሊችኮ ዶክተሩ ያደረገለትን ሉዊስ ለራሱ አደረገ ማለት ነው። ዕዳውን ሳይከፍል ሄደ ብዬ እወቅሰዋለሁ፤ ጤናውን ይዞ ሄደ ብዬ ግን ልወቅሰው አልችልም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ያን ምሽት ሉዊስ አሸነፈ፣ በራሱ ቀኝ እጅ። ክሊችኮ ተሸነፈ፤ ግን "ልብ የለውም" የሚለውን ስም እዚያው ሪንግ ላይ ትቶት ወጣ፣ ዓይኑንም ይዞ። በሙያው ትልቁን ክብር ያገኘው በተሸነፈበት ቀን ነው። ያን ክብር ይዞ ዘጠኝ ዓመት እንዲዋጋ ያስቻለው ደግሞ ያ ሁሉ አዳራሽ የጮኸበት ሰውዬ ነው።

ሰኞ ዕለት ለፀጉሬ ተመልሼ ሄድኩ። ባለስልኩ ልጅም ነበር። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና "እሺ፣ ግን አንድ ዙር ብቻ ቢጨመር..." አለኝ።

ቁርጭምጭሚቴን አሳየሁት።