በቀጥታ መብረርና አርፎ መሄድ፤ ለነጋዴ የሚበጀው የትኛው ነው?

ነጋዴ ሁለት ዐይነት ሀብት አለው። አንደኛው በካዝናውና በባንክ የሚቈጥረው ገንዘብ ሲሆን፥ ሁለተኛው ማንም የማይቈጥርለት ጊዜው ነው። የመጀመሪያውን በሳንቲም የሚቈጣጠር ሰው ሁለተኛውን ግን በየመንገዱ ሲበትን ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህም ጐልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ለሩቅ አገር ጉዞ የአውሮፕላን ቲኬት የመቍረጡ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ዋጋውን ብቻ ተመልክተን እንገዛለን፤ መንገዱን የምንመለከተው ከተሳፈርን በኋላ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ሰው ይመስላል።

ቀድሞ በዚህ ጉዳይ ምርጫ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በአሥመራ በኩል ነበር። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን የሚይዘው ነዳጅ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ማረፍ ግዴታ እንጂ ፈቃድ አልነበረም። በ1947 እ.ኤ.አ. ከሲድኒ ወደ ሎንዶን የተጀመረው መደበኛ በረራም ዳርዊንን፥ ሲንጋፖርን፥ ካልካታን፥ ካራቺን፥ ካይሮንና ትሪፖሊን እየረገጠ አራት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ መንገደኛ ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ተነሥቶ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በአየር ላይ ቈይቶ፥ በ17 ሰዓት ገደማ ሎንዶን ሊገባ ችሏል። ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ ያለውም መንገድ ከ15,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ ያለ ዕረፍት በ18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ የሚቻል ነገር ሁሉ የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ሩቅ የሚበር አውሮፕላን ለመጨረሻዎቹ ሰዓቶች የሚያስፈልገውን ነዳጅ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ተሸክሞት ይሄዳል። ነዳጁን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ስለዚህ በመካከል አርፎ የሚቀዳው አውሮፕላን ምንም እንኳ ለማረፊያ ቢከፍልና ጊዜ ቢያጠፋ፥ በነዳጅ ረገድ አንዳንድ ጊዜ ይጠቀማል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ያው የሲንጋፖርና የኒው ዮርክ መንገድ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአራት ሞተር አውሮፕላን የተጀመረው ይህ ያለ ዕረፍት የሚደረግ በረራ በ2013 እ.ኤ.አ. ቆመ። በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ሲጀመር ነዳጅ የሚቈጥብ ባለ ሁለት ሞተር ኤርባስ ኤ350 ተመደበለት፤ የመንገደኛውም ብዛት በ161 ወንበር ተወሰነ። ከእነዚህም ወንበሮች መካከል የተራው ማዕረግ አንድም አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው፥ ሳያርፉ ሩቅ መሄድ ዋጋ ያለው ነገር መሆኑንና ዋጋውንም የሚከፍለው መንገደኛው መሆኑን ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። ቲኬት ሻጩ «ቀጥታ» ሲል ሁልጊዜ ሳያርፍ የሚሄድ ማለቱ አይደለም። አንድ የበረራ ቍጥር ይዞ፥ በመካከል ነዳጅ ቀድቶ ወይም ሰው አውርዶ የሚቀጥለውም በአየር መንገዶች ቋንቋ ቀጥታ ይባላል። ሁለተኛው ዐይነት መንገደኛው አውሮፕላን የሚለውጥበት ትራንዚት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከ24 ሰዓት በላይ በመካከለኛዋ ከተማ የሚቈዩበት ነው። ይህ የመጨረሻው በቲኬቱ ደንብ የተለየ ስም ያለው ሲሆን፥ አንዳንድ ጊዜም የተለየ ዋጋ ይጠየቅበታል። እንግዲህ ገዢው «ቀጥታ ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የት ያርፋል? ስንት ሰዓት ይቈያል? አውሮፕላን እለውጣለሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ነገሩ ሌላም ምክንያት አለው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ አይገፋም፤ ክንፉም እንደ ልብ አያነሣም። አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት እንዲችል ወይ ነዳጅ፥ ወይ ሰው፥ ወይ ጭነት መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለብዙ ዓመታት በመሄጃው በሌላ ከተማ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ፥ በመመለሻው ግን ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲገባ የቈየው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሽንግተን ዝቅ ባለ ስፍራ ስለ ሆነች አውሮፕላኑ በሙሉ ክብደቱ ይነሣል፤ በስተምዕራብ የሚመጣውም የከፍታ ነፋስ ከኋላው ሆኖ ይረዳዋል። ስለዚህ መንገደኛው በመሄጃው መቈየቱን እንደ ስንፍና ቈጥሮ ማማረር አይገባውም፤ የተራራ አገር ሰው መሆናችን ያመጣው ነውና። ቢሾፍቱ አጠገብ እንዲሠራ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ 1,900 ሜትር ገደማ ባለው ዝቅተኛ ስፍራ ላይ መሆኑም ይህን ችግር ለማቃለል የሚረዳ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ዕቃ አስመጪ ወደ ጓንግዡ ሊሄድ አሰበ እንበል። በዚያች ከተማ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፥ በጸደይና በመከር፥ የሚከፈተው ታላቅ የንግድ ትርኢት በሦስት ክፍል የተመደበ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ክፍል የሚቈየው 5 ቀን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሳያርፍ የሚሄደው አውሮፕላን በ10 ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚያልፈው ደግሞ በአየር ላይ የሚቈይበት ሰዓት ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ መንገዱ እምብዛም አይጠምምና። የሚያዘገየው ጥበቃው ነው። በመሄጃ 9 ሰዓት፥ በመመለሻ 9 ሰዓት ቢጠብቅ 18 ሰዓት ሆነ። በዚህም ያተረፈው 150 ዶላር ነው እንበል። ደክሞ በመድረሱ የትርኢቱ አንድ ቀን ቢያልፈው፥ ከመጣበት ሥራ አንድ አምስተኛውን አጣ ማለት ነው። ይህ እንዳይሆንበት አንድ ቀን አስቀድሞ ቢነሣም፥ የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ፥ የምግብና ሱቁ ያለ ባለቤት የዋለበት ቀን ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ሲደመር 150 ዶላሩ ትርፍ ሆኖ መቅረቱ ያጠራጥራል። የትርኢት፥ የውል መፈራረሚያና የጨረታ ቀን የተቈረጠለት ነጋዴ በቀጥታ ቢሄድ ይሻለዋል የምንለውም ስለዚህ ነው።

አርፎ መሄድ የሚመረጥበትም ጊዜ አለ። በአንድ ጉዞ ሁለት ገበያ ለማየት የሚፈልግ ሰው፥ ለምሳሌ ዱባይ ሁለት ቀን ሰንብቶ ወደ ቻይና የሚያልፍ ወይም ኢስታንቡል ጨርቅ አይቶ ወደ ጀርመን የሚሻገር፥ ማረፊያውን ሥራ አድርጎታልና አልከሰረም። ዕድሜው የገፋ ወይም ጤናው የታወከ መንገደኛም ረጅሙን መንገድ ከፍሎ፥ በመካከል አንድ ሌሊት ተኝቶ ቢሄድ መልካም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፥ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ በእጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ ምንም እንኳ አደጋው በጠቅላላው ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ቢሆንም። ነገር ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአንድ አውሮፕላን ወደ ሌላ እየተላለፉ ደጋግሞ መብረርም ይህንኑ አደጋ እንደሚጨምር መታወቅ አለበት። የሚያድነው ማረፉ ብቻ ሳይሆን፥ ተነሥቶ መንቀሳቀሱና እግርን ማፍታታቱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ሁለት የተለያዩ ቲኬቶችን በራሱ አገናኝቶ የሚጓዝ ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ገንዘብ ለመቈጠብ ብሎ ከሁለት ኩባንያዎች ሁለት ቲኬት ገዝቶ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ስለ ዘገየ ሁለተኛው ጥሎት ሄደ። አንደኛው ኩባንያ «እኔ እስከዚህ ድረስ አድርሼሃለሁ» አለ፤ ሁለተኛው «በሰዓቱ አልተገኘህም» አለ። ሁለቱም እንደ ደንባቸው እውነታቸውን ነበር፤ ኪሳራው ግን የእኔ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏል ይህ ነው። በአንድ ቲኬት የተያያዘ ጉዞ ቢሆን ኖሮ፥ የሚቀጥለውን በረራ ፈልጎ የማሳፈሩ ኀላፊነት የሻጩ ይሆን ነበር፤ ሻንጣውም እንደ ደንቡ እስከ መጨረሻው ከተማ ይላክ ነበር። ይሁንና ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው፥ በአንድ ቲኬትም ቢሆን፥ በአብዛኛው በመጀመሪያ በሚገባበት ከተማ ሻንጣውን ተቀብሎ በጉምሩክ ማሳለፍ አለበትና፥ ለዚህ የሚበቃ ሰዓት ይተው።

የቪዛውንም ነገር መርሳት አይገባም። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ሌላ አህጉር ለመሻገር በሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ በሚያልፍበት ጊዜ፥ ከአዳራሹ ባይወጣ እንኳ፥ የአየር ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ እንዲይዝ ሕጉ ያስገድደዋል። ከዚህ ነጻ የሚሆኑት የአሜሪካን፥ የካናዳን ወይም የጃፓንን የመሰለ የጸና ቪዛ ያላቸውና ሌሎች በሕጉ የተዘረዘሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳያውቁ ርካሽ ቲኬት ገዝተው ከቦሌ መዝገብ ፊት የሚመለሱ እንዳይበዙ፥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይበጃል።

የጭነት ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ወደ ሆላንድና ወደ ቤልጅግ የሚሄደው አበባችን፥ አውሮፕላኑ ባረፈ ቍጥር በሩ ይከፈትበታል፤ በሜዳው ላይም ሙቀት ያገኘዋል። የአንዱ ቀን መዘግየት በአበባ ማስቀመጫው ላይ አንድ ቀን ይቀንሳል። ስለዚህ የሚበላሽ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ በቀጥታ ለሚሄደው ብልጫ ቢከፍል አልተጐዳም፤ የብረት መለዋወጫ ወይም ጨርቅ የሚያስጭን ግን ቢቈይም ርካሹን ቢመርጥ ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የመንገደኛነታችን ሒሳብ ነው። እኛ ግን መንገደኞች ብቻ ሳንሆን አስተናጋጆችም ነን። ዐሥር ከተማዎችን ሁለት ሁለት እያደረጉ በቀጥታ ለማገናኘት 45 መንገድ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም በአንዲት መካከለኛ ከተማ በኩል ለማገናኘት ግን 10 መንገድ ይበቃል። ከሊሎንግዌ ወደ ጓንግዡ በየቀኑ አንድ ሙሉ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው አይገኝም፤ ሉሳካም ሆነ ኪጋሊ ብቻዋን ይህን አትችልም። ሁሉም አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ ግን አውሮፕላኑ ይሞላል። አርፎ መሄድ ለትንንሾቹ ገበያዎች የዓለም በር የሆነውም ስለዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ የተመረቀው የቦሌ አዳራሽ በዓመት 22 ሚሊዮን ሰው እንዲያስተናግድ የተሠራው፥ በዚያው ዓመትም በአጠገቡ ትልቅ ሆቴል የተከፈተው፥ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ታስቦ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ከሌጎስ ተነሥቶ ለሸቀጥ ወደ ቻይና የሚሻገረው ገዢ በከተማችን ስምንት ወይም ዐሥር ሰዓት ሲቈይ ምን አሳየነው? ቡናችን ተቈልቶ ከሚሸጥበት ጥቂት ስፍራ በቀር፥ የቆዳ ሥራችንን፥ የጨርቃችንን፥ የቅመማችንንና የሰሊጣችንን ናሙና የሚያይበት፥ ከሻጩም ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት ስፍራ ሊዘጋጅለት ይገባል። የንግድ ምክር ቤቱ ከአየር መንገዱና ከሆቴሎች ጋር ተመካክሮ አንድ ቋሚ የናሙና አዳራሽ ቢያቋቁም፥ አባሎችም በየተራ ሰው ቢመድቡለት፥ ወጪው ብዙ ሳይሆን ገዢው በራሱ ቲኬት ደጃችን ድረስ ይመጣልናል። እኛ አንድ ገዢ ፍለጋ ባሕር ስንሻገር፥ ብዙ ገዢ በመካከላችን ተኝቶ ያልፋል።

በአጭሩ ለማጠቃለል፥ ቀን ለተቈረጠበት ሥራና ለሚበላሽ ዕቃ ቀጥታው መንገድ ይመረጥ፤ ሁለት ገበያ ለሚያይ፥ ጊዜ ላለውና ዕረፍት ለሚያስፈልገው ሰው አርፎ መሄዱ ይመረጥ፤ በማንኛውም ጊዜ ግን ጉዞው በአንድ ቲኬት ይያያዝ። መንገዶችም እንደሚለዋወጡ አንዘንጋ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች በተዘጋ ጊዜ 9 ሰዓት ገደማ የነበረው የሄልሲንኪና የቶኪዮ በረራ 13 ሰዓት ያህል ሆኗልና፥ ያለፈው ዓመት ልማድ ለዘንድሮ መመሪያ አይሆንም። አባቶቻችን ነጋዴውን «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» እንዳይሆን መክረውታል። ሩቅ የሚያስብ ነጋዴ ግን ቅርብ ማደር ቢኖርበት እንኳ፥ የት እንደሚያድርና በዚያ ማደሩም ምን እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ያውቃል።