ጨለማ ክፍሉ ያለው ቲሸርት ቤት ነው

ከካሜራ ሰዎች ጋር ፎቶን በእጅ ስለማተም ወሬ ከተነሣ መልሱ ቶሎ ይመጣል፦ «ዕቃው እዚህ አገር የለም»። ጨለማ ክፍል የለም፣ ፊልም የለም፣ ወረቀቱ ውጭ ነው፣ ዶላር ደግሞ አይገኝም። ከዚያ ጨዋታው ወደ ሌንስ ዋጋ ይዞራል።

ሐዋሳ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው ስክሪን ፕሪንት ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው።

ፊቼ ጫምባላላ ሲቃረብ ወይም የምርቃት ሰሞን ቲሸርት አታሚው የሚሠራውን ቆም ብሎ ያየ ይፍረድ። ልጁ ዲዛይኑን ኮምፒውተር ላይ ድፍን ጥቁር ያደርገዋል። ትሬሲንግ ፔፐር ወይም ትራንስፓረንሲ ላይ ያትመዋል። ኢሙልሽን በተቀባ ፍሬም ላይ አስተኝቶ መስታወት ይጭንበታል፣ ብርሃን ያስመታዋል፣ በውኃ ያጥበዋል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፤ ቀለም የጋረደው ታጥቦ ይሄዳል። ይህ ፎቶግራፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልጁ ግን «አታሚ» ነው፤ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ደግሞ «አርቲስት»።

ዲጂታል ኔጋቲቭ የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሜሪካዊው ዳን በርክሆልደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ መጽሐፍ ጽፎ ሲያስተዋውቀው፣ ነገሩ በስልክም ሆነ በካሜራ የተነሣን ምስል ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ፣ ግራና ቀኙን አገላብጦ በሚያስተላልፍ ፊልም ላይ ማተም ነው። ፊልሙ ኬሚካል ከተቀባ ወረቀት ጋር በመስታወት ይጣበቅና ፀሐይ ላይ ይወጣል። ማጉያ ማሽን አያስፈልገውም፤ ኔጋቲቩ በታተመበት ልክ ፎቶው ይወጣል። ኬሚካሉን ለመቀባትም ደብዘዝ ያለ አምፖል ያለው ክፍል ይበቃል። ከቲሸርቱ የሚለየው ዋናው ነገር ግራጫው ነው። ለቲሸርት ጥቁር ወይም ባዶ ይበቃል፤ ለሰው ፊት ግን በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ያስፈልጋል።

ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታለፈውም ይኸው ነው። አንዳንዱ አንድ ቀን ይሞክርና «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ምን ላይ አተመው? ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ለጥራዝ ሽፋን በሚሸጠው ልሙጥ ላስቲክ ላይ። ያ ላስቲክ የኢንክጄት ቀለም አይዝም፤ ቀለሙ እንደ ጤዛ ይንከባለልበታል። ለኢንክጄት ተብሎ የተቀባ፣ አንዱ ገጹ ሻከር የሚል ፊልም መሆን አለበት። ሌዘር ፕሪንተር ደግሞ ጥቁሩ ይሳሳበታል፣ ነጠብጣቡም ይታያል፤ ሁለት ቅጂ አነባብሮ መሥራት ግን ይቻላል። ፊልም ከጠፋ ስስ ወረቀት ዘይት ወይም ሰም ተቀብቶ ብርሃን ያሳልፋል። እንግሊዛዊው ፎክስ ታልቦት በ1840ዎቹ የወረቀት ኔጋቲቮቹን ሰም ይቀባቸው ነበር።

ሌላው ስንፍና ልኬቱን መዝለል ነው። ከባዶ እስከ ድፍን ጥቁር በደረጃ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አትሞ፣ ፀሐይ አስመትቶ፣ አጥቦ፣ የትኞቹ ደረጃዎች ተለይተው እንደወጡና የትኞቹ እንደተደፈኑ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ምስሉ በዚያ ልክ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል። የአንዱ ፕሪንተር ልኬት ለሌላው አይሆንም፤ ወረቀት ሲቀየርም ልኬቱ ይቀየራል። አንድ ቅዳሜ ይፈጃል። ሰው ፕሪሴት እየገዛ ፊት ለማቅላት ሦስት ቅዳሜ ሲያጠፋ ግን ማንም አይቆጥርበትም።

«ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚሉም አሉ። ሰማያዊው ህትመት፣ ሳያኖታይፕ የሚባለው፣ ጆን ኸርሼል በ1842 ያገኘው ነው። መሐንዲሱ የቤት ፕላኑን «ብሉ ፕሪንት» ሲል የሚጠራው ያንኑ ነው፤ ስሙ ከነቀለሙ ከዚያ መጣ። ቃሉ በየማዘጋጃ ቤቱ ሲነገር ማንም «ፈረንጅ» አላለውም።

የኬሚካሉ ነገር እውነተኛ ችግር ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ ከሱቅ መደርደሪያ አይነሡም። ግን መጠኑ ይታይ፦ ከመጀመሪያው 25 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከሁለተኛው 10 ግራም በሌላ 100 ሚሊ ሊትር። ሁለቱ እኩል ሲደባለቁ ከሃምሳ በላይ ፎቶ ይወጣዋል። ፌሪሲያናይድ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የተለመደ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ባላት ከተማ «የሰማው የለም» ማለት አይቻልም። ስሙ የሚያስፈራው ሰው ከኃይለኛ አሲድ ጋር እንዳይቀላቅለው ይጠንቀቅ።

ቲሸርት ቤቶች ግን አንድ ነገር መበደር የለባቸውም። አንዳንድ የስክሪን ኢሙልሽን የሚነቃው በባይክሮሜት ነው፣ ያ ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚያመጣለትን ይቀበላል፣ ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን መልሶ እንዲያጣራ ሆኖ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሊመረጥ የሚገባው በብረት ጨው የሚሠራው ሰማያዊው ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ አልካሊ ሲበዛበት ሰማያዊውን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ማጠቢያው ላይ ትንሽ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይረዳል።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ ይዞ የሚቆመውን ልጅ ማየት ነው። ደንበኛው ኪስ ውስጥ ከእሱ የማይተናነስ ካሜራ አለ። ልጁ የሚሸጠው ደንበኛው ያለውን ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ይወርዳል፣ «ላኪልኝ» ይባላል፣ ፋይሉ በቴሌግራም ይሄዳል፣ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይጠፋል። ሥልጠና አዘጋጆችም ለዚህ ልጅ የሚያስተምሩት ሌላ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነው። አሞራ ገደል ላይ የተነሣ ምስል በእጅ በተቀባ ወረቀት፣ በሐይቁ ፀሐይ ታትሞ ቢሰጥ ግን ስልክ የማይሠራው ዕቃ ነው። ሁሉም አይገዛውም። ከመቶ አምስት ሰው ቢገዛው ለልጁ ቀላል አይደለም።

«ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባለው ሥራ የድሮ ቤተሰብ ፎቶዎችን ከየቤቱ ሲሰበስብ ያገኘው ወረቀት ስለነበረ ነው። ሐዋሳ ገና ስድሳ ምናምን ዓመት የሆናት ከተማ ናት። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንድ ሰው እንዲህ ሊሰበስብላት ቢነሣ የማንን መሳቢያ ይከፍታል?

ክረምት ገብቶ ደመና ሲያሰንፍ ደግሞ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ የመብራት ሳጥን ያለው ቲሸርት አታሚ አይታጣም። ሳጥኑ ሥራ በሌለበት ሰዓት ባዶ ነው። ፎቶ አንሺው ለሻይ ጎራ ብሎ ቢጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚማረውም ከእሱ ነው፤ ስንት ደቂቃ፣ ምን ያህል ጥቁር፣ መስታወቱ እንዴት ይታሰራል።