አገዳ ቆርቁር ወይስ ተምች? ትሉን ሳንለይ መድኃኒት አንርጭ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባሉ በቆሎ አምራች ቀበሌዎች፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ በብዛት የሚሰማው ቃል «ትል ገባ» የሚለው ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ በበቆሎ ላይ የታየ ትል ሁሉ «ተምች» መባል ጀምሯል። ይህ አጠራር ለገበሬው ኪሳራ ነው እንላለን። የአንዱን ትል መድኃኒት ለሌላው ገዝቶ መርጨት ገንዘብም ጉልበትም ያባክናልና።

ነባሩ የአገራችን ተባይ የበቆሎ አገዳ ቆርቁር ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቡሴዮላ ፉስካ ይባላል። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ሲሆን፣ እንግዳው በቆሎው ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ተባዩ በማሽላና በዱር ሣሮች ላይ ይኖር ነበር። ደጋማውንና ወይና ደጋውን ይወዳል፤ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ይስማሙታል።

የልማት ሠራተኛው በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው አገዳውን መሰንጠቅ ነው። ሙሉ ዕድገት ላይ የደረሰው የአገዳ ቆርቁር ትል እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሰውነቱ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው፤ ራሱ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ጎልቶ የሚታይ መስመር በጀርባው ላይ የለውም። በቆላማ ቦታ የሚበዛው፣ ከእስያ የመጣው ሌላው አገዳ ቆርቁር ግን ጀርባው በተደረደሩ ጥቁር ነቁጦች የተዥጎረጎረ ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ በማጉያ መነጽር የሆድ እግሮቹን ጫፍ መመልከት ይበቃል። የኛው መንጠቆዎች በግማሽ ክብ ሲደረደሩ፣ የእስያው ሙሉ ክብ ይሠራሉ።

መጤው ተምች በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው። ከኋላው፣ ወደ ጅራቱ ገደማ፣ አራት ጥቁር ነቁጦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተቀምጦ ቅጠሉን እየቦጫጨቀ ይበላል፤ እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ያለ ኩስም ይከምራል። ጤፉንና ግጦሹን በመንጋ የሚያወድመው ነባሩ ተምች ደግሞ ጥቁርና ባለ መስመር ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቻችን ያለ መነጽር ያውቁታል።

ችግሩ ያለው ለጋው አገዳ ቆርቁር ላይ ነው። እርሱም ከእንቁላል እንደወጣ እምብርቱ ውስጥ ገብቶ ቅጠል ስለሚበላ ከተምች ጋር ይምታታል። ነገር ግን ቅጠሉ ሲዘረጋ በአግድም የተሰለፉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ቆይቶም የመካከሉ ቅጠል ይደርቅና ሲጎትቱት ይነቀላል። መድኃኒት ቢረጭ የሚደርስበት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጨው ሁሉ የሚያርፈው ቅጠል ላይ ነው።

የእሳት ራቱን ቀን በማሳ ላይ ማግኘት ያስቸግራል፤ የሚበረው ሌሊት ነውና። የፊት ክንፉ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ ምልክቶች አሉት፤ የኋላ ክንፉ ከነጭ እስከ ግራጫ ይደርሳል። የመጤው ተምችም የኋላ ክንፍ ነጭ ስለሆነ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው ትል ያለበትን አገዳ ቆርጦ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ አፉንም በሻሽ ማሰር ነው። ቆርቁሩ ወደ ፑፓ የሚለወጠው እዚያው አገዳው ውስጥ፣ መውጫ ቀዳዳውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነው። መጤው ተምች ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ ገብቶ ይለወጣል።

ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት የተሰነጠቀ አገዳና የተያዘ ትል እንዲቀርብላቸው ይጠይቁ እንላለን። «ትል ገብቷል» የሚል ወረቀት ብቻ ለግዢ መነሻ ሊሆን አይገባም።

ስለ አገዳውም አንድ ነገር እንጨምር። «አገዳውን አቃጥሉ» የሚለው የቆየ ምክር ለጎጃም ገበሬ አይዋጥለትም፤ አገዳው አጥሩ፣ ማገዶውና የከብቱ መኖ ነውና። በአገራችን የተደረገ ምርምር እንዳሳየው ግን አገዳውን እንደቆረጡ ማሳው ላይ አጋድሞ ለ4 ሳምንት ያህል ፀሐይ ማስመታት በውስጡ ያለውን ትል ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለፈለጉት ሥራ ማዋል ይቻላል። ወዲያው ተከምሮ የቆመ አገዳ ውስጥ ያለው ትል ግን በጋውን ተኝቶ ያሳልፍና፣ ዝናቡ ሲጀምር የእሳት ራት ሆኖ ወደ አዲሱ በቆሎ ይመለሳል።