ሰክሮ ለነዳ ሰውም ጠበቃ ይገባዋልን?

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹን ደስ እንደማያሰኛቸው እናውቃለን። ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ መጻፍ ግን የተማሪ ጋዜጣ ተግባር አይደለም። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ጠጥቶ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ሲነዳ የተያዘ ሰው በሕግ ፊት ተከላካይ ሊኖረው ይገባልን? በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ነገሩ ሲነሣ የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሰካራም ነው፣ ይበለው! ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። እኛ ግን ይገባዋል እንላለን። ይህንንም የምንለው ለስካር አዝነን ሳይሆን ለፍትሕ አስበን ነው።

አስቀድመን ቁጣውን እንደምንጋራ ይታወቅልን። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ገበያተኛው፣ እንጨት የተሸከመችው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን፣ አህያውና በሬው ሁሉ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ። በመስቀል ሰሞን ሀድያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን ሲያከብር፣ አዲስ አበባም ይሁን ደቡብ አፍሪካ የከረመው ልጅ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፤ ቅቤውና ሥጋው በቀረበበትም ቢራውና አረቄው አይጠፋም። በዚያ ሰዓት መሪ የሚጨብጥ ሰካራም የጎረቤቱን በዓል ወደ ለቅሶ ሊለውጥ ይችላል። ልጁን በዚህ ዓይነት ያጣ ወላጅ ስለ ተከሳሽ መብት ሲነገር ቢመረው ማን ይፈርድበታል?

ሕጉም ቢሆን ለስካር ፊት አይሰጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 50 እንደሚያስረዳው፣ በገዛ ጥፋቱ ራሱን አስክሮ ወንጀል ሊያደርስ እንደሚችል እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው አደጋ ያደረሰ ሰው «አእምሮዬን ስቼ ነበር» በማለት ከኃላፊነት አያመልጥም፤ ድርጊቱ በቸልተኝነት የሚያስቀጣ ሲሆን በዚያው ይጠየቃል። እንደዚሁም የዚሁ ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ ራሱን በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር አስክሮ ነፍስ ያጠፋውን በጽኑ እስራት ከሚቀጡት መካከል አስቀምጦታል፤ የዚያም እስራት መነሻው አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ «መጠጥ ነው ያሳሳተኝ» የሚለው ቃል በሠፈር ሽምግልና ያባባ እንደሆነ እንጂ በችሎት መከላከያ አይሆንም።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ከጠነከረ የጠበቃው ሥራ ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ነገሩ ከሚጀመርበት ከሌሊቱ ጣቢያ እንነሣ። እንበልና አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር ከምሽቱ አራት ሰዓት ተጋጭቶ ተያዘ። አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ እግሩ ይንገዳገዳል፤ ንግግሩ ይተሳሰራል። ያየው ሁሉ ሰክሯል ይላል። ምናልባትም ሰክሯል። ነገር ግን ጭንቅላቱን በግጭቱ የተመታ ሰውም ይንገዳገዳል። የስኳር በሽተኛ ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድበት እንደ ሰካራም ይናገራል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም ከመንቀጥቀጡ በኋላ ማን እንደ ሆነ እስኪጠፋው ይደናገራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ስካሩ ይውጣለት» ብሎ ክፍል ውስጥ መዝጋት ፍርድ ማጣመም ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ማጥፋትም ሊሆን ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ዘንግቶ አልተጻፈም። በቁጥር 34 መርማሪው ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተከሳሹ በሐኪም እንዲመረመርና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰፍር የማድረግ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ምርመራውም ደም መውሰድን ይጨምራል። እንግዲህ ከሽታና ከግምት የሚያወጣ መንገድ ካለ ውሎ አድሯል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ያለ አልኮል በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌሊት ያልተመረመረ ሰው በማግስቱ ረፋድ ቢመረመር ውጤቱ የሌሊቱን እውነት አይናገርም። መዘግየቱ ያልሰከረውን ንጹሕነቱን ያሳጣዋል፤ የሰከረውንም ያስመልጠዋል። ነቅቶ «ደንበኛዬ አሁኑኑ ይመርመር» የሚል ጠበቃ ለተከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተጎጂውም ይሠራል የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ የተያዘ ሰው ያለው መብት ምንድን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማያሻማ ቃል ዘርዝሮታል። የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠውም ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በግዳጅ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም። አንቀጽ 20 ደግሞ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ይሰጠዋል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ቢሆን መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ሲካሄድም በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሀድይሳ ወይም ከምባትኛ ብቻ አጥርቶ የሚናገር ሾፌር በድንጋጤ ሰዓት በአማርኛ ሲጠየቅ፣ «አዎን» የሚለው ጥያቄው ገብቶት ነው ወይስ ጠያቂውን ፈርቶ? በዚያች «አዎን» ላይ አምስት ዓመት ሊንጠለጠል እንደሚችል ለመረዳት የሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ነጥባችን እንምጣ። በእውነቱ ከሆነ በከተሞቻችን ሰክሮ ለነዳ ሰው ሁሉ ተከላካይ ጠፍቶ አያውቅም። ገንዘብና ዘመድ ያለው ሰው ተከላካዮቹ ብዙ ናቸው፤ ይሁንና አንዱም የሕግ ሰው አይደለም። አንዱ የሚያውቀው ባለሥልጣን ዘንድ ይደውላል። ሌላው «እኔ ነበርኩ የነዳሁት» የሚል ምስኪን ረዳት በገንዘብ ይገዛል። ሦስተኛው መኪናውን ከስፍራው ያሸሻል። አራተኛው ሽማግሌ ነኝ ብሎ ወደ ሟች ቤት ገብቶ በጥቂት ሺህ ብር ዝምታ ይሸምታል። ይህ በድብቅ የሚደረግ መከላከያ ነው፤ ተጎጂውን ዳግመኛ የሚገጨውም እርሱ ነው። ድኻው የባጃጅ ሾፌር ግን ይህም የለው፣ ያም የለው። እንግዲህ «ሰካራም ጠበቃ አይገባውም» የምንል ሰዎች የምንቀጣው ሰካራሙን ሳይሆን ድኻውን ብቻ መሆኑን ልብ እንበል።

የሽማግሌዎችን እርቅ መናቃችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። በሀድያና በከምባታ ሴራ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ደም ያቃባቸውን ቤተሰቦች ያስታረቀ፣ ቂምን ያስቆመ ክቡር ነገር ነው። ነገር ግን እርቅ እውነት ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ነው። እውነቱን ለመሸፈን የሚጠራ ሽማግሌ ሴራውንም ፍርድ ቤቱንም ያዋርዳል።

ታማኝ ጠበቃ ከዚህ ሁሉ የሚለየው ሥራውን በግልጽ ስለሚሠራ ነው። ሐሰተኛ ምስክር አያቆምም፤ የዓቃቤ ሕጉን ምስክር ግን አጥብቆ ይጠይቃል። ምርመራው መቼና በማን እንደተደረገ ይመረምራል። ዋስትና ሲጠይቅ የቅጣቱን ክብደት፣ የተጎጂውን ሕይወት ሁኔታና ደንበኛው ቀጠሮ የሚያከብር መሆኑን ዳኛው እንደሚመለከት አውቆ ይከራከራል። ደንበኛው በእርግጥ ሰክሮ ነድቶ እንደሆነም እውነቱን ይመክረዋል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82 ጥፋቱን ላመነ፣ ተጎጂውን ለረዳ፣ እጁን ለሰጠና በተቻለው መጠን ለካሰ ሰው ቅጣት የሚቀልበትን በር ከፍቷል። የወደቀውን አንሥቶ ወደ ሐኪም የወሰደ ሾፌር ጥሎ ከሸሸው ጋር እኩል እንዳልሆነ ሕጉ ያውቃል። ሾፌሩ ይህን ከአደጋው በፊት ቢያውቅ ኖሮ ስንት ነፍስ በተረፈ!

ይህ የእኛ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመንገድ ደኅንነት ሕግ የመጠጥን ልክ በቁጥር ወስና በትንፋሽ መመርመርን የጀመረችው፣ «ሰክሯል፣ አልሰከረም» የሚለው ክርክር በሽታና በእግር አጣጣል ብቻ እንዳይቋጭ ነው። በአሜሪካም ጌዲዮን የተባለ ድኻ ሰው በፍሎሪዳ በስርቆት ተከስሶ ጠበቃ ቢለምን ተከለከለ፤ ተፈረደበትም። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1963 እ.ኤ.አ. ድኻም ጠበቃ እንዲቆምለት ተወሰነ። ጉዳዩ በጠበቃ እንደገና ሲታይ ጌዲዮን ነጻ ወጣ። የእኛው የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 61 የተያዘ ሰው ጠበቃውን ወዲያው እንዲያገኝና ከጠየቀ መጻፊያ እንዲሰጠው ማዘዙን ስናስብ፣ የጎደለን ሕጉ ሳይሆን ሕጉን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ይገባናል።

የሚያውቀው ሰው ደግሞ እዚሁ ነው። ሆሳዕና የሕግ ትምህርት የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲና በንግሥት እሌኒ ስም የሚጠራ ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሕግ ተማሪዎች በመምህራን ተቆጣጣሪነት የተያዘ ሰውን መብትና የሾፌርን ግዴታ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ጽሑፉም በሀድይሳ፣ በከምባትኛና በአማርኛ ተባዝቶ በባጃጅ ተራው፣ በመናኸሪያውና ጣቢያዎቹ ከፈቀዱም በበሮቻቸው ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የሕክምና ተማሪዎች ስካር የሚመስሉ ሕመሞችን ለትራፊክ ፖሊሶች የሚያስረዱበት ጉባኤ ይዘጋጅ፤ ፖሊሱ በዝናብና በጨለማ የሚቆምልን ወገናችን እንጂ ባላጋራችን አይደለም። ሦስተኛ፣ የሕግ መምህሮቻችን ፈቃድ ያላቸውን ጠበቆች አስተባብረው፣ አቅም የሌለው ሾፌርም የተጎጂ ቤተሰብም በነጻ የሚመከርበትን ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ይክፈቱልን። ተጎጂውን ትቶ ተከሳሹን ብቻ የሚረዳ ማዕከል አንጠይቅም፤ በአንድ ጉዳይ ግን ሁለቱን አንድ ጠበቃ እንዳይዛቸው ጥንቃቄ ይደረግ።

የቀረው ለራሳችን የሚነገር ነው። ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላልና፣ በምረቃ ምሽት ከግብዣ ወጥቶ የጓደኛውን ሞተር የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ ባላገሩ ሳይሆን ተማሪው ነው። ከመካከላችን አንዱ ጠጥቶ ቁልፍ ሲያነሣ ብናይ እጁን እንያዝ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ያን ጊዜ ጠበቃም ዳኛም ሐኪምም ሳያስፈልግ በአንዲት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ሳንደርስበት ቀርተን ቢያዝ ግን፣ ጥፋቱን እየነቀፍን ዳኛ ፊት ብቻውን እንዳይቆም እናድርግ።