ካሜራው ይወስን ወይስ እኔ ልዘዘው?

ውድ እኅቴ፣ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ፎቶግራፍ እንጨዋወታለን። «እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ካሜራም የለኝ» ትዪ ይሆናል። ስልክ ካለሽ ግን ካሜራ አለሽ ማለት ነው። ደግሞም ከአገር ከወጣሽ ጀምሮ እናትሽና ልጅሽ መልክሽን የሚያዩት በዚያች ስልክ በኩል ነው። ስለዚህ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ከምታውቂው እንጀምር። የምትሠሪበት ቤት አውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ እንበል። ፎጣውን፣ አንሶላውን፣ የልጆቹን ልብስ ትከቺና ቁልፉን ተጭነሽ ወደ ሌላ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ውኃውን የሚመጥነው፣ የሚያሽከረክረው፣ የሚጨምቀው ማሽኑ ነው። ጥለት ያለውን ነጠላሽን ግን ከፎጣው ጋር አትከቺውም። ለብቻው፣ በእጅሽ፣ ቀስ አድርገሽ ታጥቢዋለሽ። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ነጠላ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ ነው።

ካሜራም እንዲሁ ነው። አውቶማቲኩ ለብዙው ነገር ይበቃል። ነጠላው ሲመጣ ግን አንቺ እጅሽን ማስገባት አለብሽ። ቁም ነገሩ ነጠላው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቁ ላይ ነው።

ካሜራው ምን ይወስናል?

ፎቶ የሚሠራው በብርሃን ነው። ምን ያህል ብርሃን እንደሚገባና ካሜራው ለብርሃኑ ምን ያህል ንቁ እንደሚሆን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን አፐርቸር ይባላል። ሁለተኛው ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ ርዝመት ነው፤ ይህ ሹተር ይባላል። ሹተሩ 1/250 ነው ሲባል አንድ ሰከንድ ለ250 ተከፍሎ ከዚያ አንዷን ያህል ጊዜ ብቻ ብርሃን ገባ ማለት ነው። ሦስተኛው አይኤስኦ የሚባለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል በጨለማም ፎቶው ይደምቃል፤ ነገር ግን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

በድሮው ዘመን ይህን ሁሉ ፎቶ አንሺው በእጁ ያስተካክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ሱፐር ኮዳክ ሲክስ-20 የተባለው ካሜራ ብርሃኑን ራሱ ለክቶ በማስተካከል የመጀመሪያው ሆነ። በ1977 ደግሞ ኮኒካ ሲ35 ኤኤፍ የተባለው ወጣ፤ ይህም ርቀቱን ራሱ አስተካክሎ ምስሉን በማጥራት ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያው ነው። ዛሬ በኪስሽ የያዝሽው ስልክ እነዚህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሠራል።

የሚሠራውም በግምት ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ከድሮም ጀምሮ የሚነሣውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ በጣም ነጭ ነገር ሲያይ «በዝቷል» ብሎ ያጠቁራል፤ በጣም ጥቁር ሲያይ «አንሷል» ብሎ ያነጣል። የዛሬ ስልኮች የሰው ፊት ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ቢሆንም ይሳሳታሉ።

የት የት ይሳሳታል?

በዕረፍት ቀንሽ ቆንጆ ቀሚስሽን ለብሰሽ መስኮት ሥር ቆምሽ እንበል። ከኋላሽ የቀትር ፀሐይ አለ። ካሜራው ያን ሁሉ ብርሃን ያይና መስኮቱን ለማስተካከል ሲል ፊትሽን ያጨልመዋል። ፎቶው አገር ቤት ይደርሳል። እናትሽም አይታ «ልጄ ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ አሟት ይሆን እንዴ?» ብላ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። አንቺ ግን ደኅና ነበርሽ፤ የተሳሳተው ካሜራው ነው።

በበዓል ቀን የአገር ልብስ ስትለብሺም እንዲሁ ነው። ነጩ ፎቶውን ከሞላው ካሜራው ያጠቁረዋል፤ በረዶ የመሰለው ነጠላሽ አመድ የነካው መስሎ ይወጣል፤ ፊትሽም አብሮ ይጨልማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። በፎቶ ውስጥ ፊትሽ የሚጠፋው ጥፋቱ የቆዳሽ ስለ ሆነ አይደለም። ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ የሚሆን «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ፎቶ ይልክ ነበር። በካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ለብዙ ዓመታት «ትክክለኛ ቀለም» የተባለው የእርሷ ቆዳ ቀለም ነበር። ጥቁር፣ ነጭና እስያዊት ሴቶች አብረው የታዩበት የኮዳክ ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ጉግል የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ ሪል ቶን የተባለውን አሠራር በስልኩ ላይ ያስገባው ደግሞ በ2021 ነው። ስለዚህ ማሽኑ መልክሽን ለማየት ገና እየተማረ ነው። አስተምሪው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ስልኮች የፊት ካሜራቸው ሳይጠየቅ ፊትን ያለሰልሳል፣ ያነጣል። ቢውቲ የሚለውን ፈልገሽ ዜሮ አድርጊው። እናትሽ የምትናፍቀው ያንቺን ፊት ነው።

ታዲያ እንዴት አድርጌ ልዘዘው?

መጀመሪያ ቦታሽን አስተካክዪ። መስኮቱ ከጀርባሽ ሳይሆን ከፊትሽ ወይም ከጎንሽ ይሁን። ይህ ብቻውን ከግማሽ በላይ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ከማንሣትሽ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትሽ ንኪው። «ዋናው ነገር ይህ ነው» ማለትሽ ነው። በአይፎን ከሳጥኗ አጠገብ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፤ ጣትሽን ወደ ላይ ስትስቢ ፎቶው ይደምቃል፣ ወደ ታች ስትስቢ ይጨልማል። በሳምሰንግና በሌሎችም ብዙ ስልኮች ተመሳሳይ ምልክት አለ። ለነጭ ልብስ ትንሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ነጠላው ይነጣል። ነገር ግን ጥለቱና እጥፋቱ እስኪጠፋ ድረስ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ፊቱን ነክተሽ ጣትሽን ሳታነሺ ጥቂት ከቆየሽ በብዙ ስልኮች ልኩ ይቆለፋል። ከዚያ ሰው ቢያልፍም መብራት ቢለወጥም አይቀየርም።

ለብዙዎቻችን ይህ ይበቃል። ጨክነሽ ወደ ሙሉው ማንዋል መግባት ከፈለግሽ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች «ፕሮ» የሚል አላቸው፤ በካሜራ ላይ ደግሞ «ኤም» የሚለው ነው። በአብዛኛው ስልክ የሌንሱ ቀዳዳ ስለማይለወጥ የምትቆጣጠሪው ሹተሩንና አይኤስኦውን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። የትንሣኤ ሌሊት ነው፤ ሁሉም ጧፍ ይዟል። አውቶማቲኩ ጨለማ ሲያይ ፍላሽ ያበራል። የስልክ ፍላሽ ሁለት ሦስት ሜትር ቢደርስ ነው። የቅርቡን ሰው ግንባር ያነጣል፣ ከኋላ ያሉትን ጨለማ ውስጥ ይተዋል፣ የጧፉንም ወርቃማ ብርሃን ያጠፋዋል። ጸሎት ላይ ያለውንም ሰው ይረብሻል። ስለዚህ ፍላሹን አጥፊው። አይኤስኦውን 1600፣ ሹተሩን 1/30 አድርገሽ ክንድሽን ከግድግዳ ወይም ከወንበር አስደግፊና ትንፋሽሽን ይዘሽ አንሺ። ከጨለመ አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ አድርጊ። ከደበዘዘ እጅሽ ተንቀጥቅጧል ማለት ነውና ድገሚው።

ነገር ግን በማንዋል አትመኪ። ልጅ እየሮጠ ሳለ፣ ጓደኛሽ በሳቅ ስትፈነዳ፣ ቁጥር ለማስተካከል ጎንበስ ካልሽ ሳቁ አለፈ። እንዲህ ላለው አውቶማቲኩ ይሻላል። ከጠፋ ጊዜ ትንሽ የጨለመ ፎቶ ይበልጣል።

የማይደገመው ፎቶ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፓስፖርትሽ፣ የሥራ ውልሽ፣ መታወቂያሽ በእጅሽ የሚገባው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያች ደቂቃ የምታነሺው ፎቶ ምናልባት አንድ ቀን ለቆንስላ ወይም ለዳኛ የምታሳዪው ሊሆን ይችላል። አውቶማቲኩ ደግሞ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ነጩን ወረቀት ያጠቁረዋል። ፍላሹ የፓስፖርቱ ፕላስቲክ ላይ ያንጸባርቅና ቁጥሩን በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍነዋል። በኋላ ስትከፍቺው ከሁሉ የምትፈልጊው ቁጥር አይነበብም።

እንዲህ አድርጊ። ፍላሹ መጥፋቱን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ጥላሽ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ ዘወር በዪ። ጽሑፉን በጣትሽ ንኪ። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ጥቁር እስኪሆን ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ሳቢ። ሁለት ሦስት ጊዜ አንሺ። ከዚያ ወረቀቱን ከመመለስሽ በፊት ፎቶውን አጉልተሽ ስምሽን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን አንድ በአንድ አንብቢ። ውሉ ብዙ ገጽ ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ አንሺ።

ለምታምኚው የቤተሰብ ሰው ስትልኪም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ከላክሽው ምስሉ ይቀንሳል፤ «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኪው፤ ጥራቱ ሳይቀንስ ይደርሳል። ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ ማስረጃሽ አገር ቤት ይቆይሻል።

ማሽን የማይወስነው

በመጨረሻ አንድ ምክር። ማንን አንሺ፣ ማንን አታንሺ የሚለውን ግን አውቶማቲኩም ማንዋሉም አይወስንልሽም። የማዳምን ልጆች፣ የቤቱን ሰዎች፣ መንገደኛውን ሳታስፈቅጂ አታንሺ፤ አንሥተሽም አትለጥፊ። ለምሳሌ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ የሰውን ገመና በመጋፋት ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣትንም ማሰራጨትንም በእስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ እኛ ራሳችን ሳንጠየቅ ብንነሣ ደስ ይለናል ወይ?

እንግዲህ እኅቴ፣ ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ ስልክሽን አውጪና ለአምስት ደቂቃ ተለማመጂ። አንድ ብርጭቆ አስቀምጪና ንኪ፣ ወደ ላይ ሳቢ፣ ወደ ታች ሳቢ፣ ለውጡን እዪ። ከዚያም በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ መስኮቱን ፊት ለፊት ይዘሽ አንድ ጥሩ ፎቶ ተነሺና ለእናትሽ ላኪላት። «ልጄ ደኅና ናት» ብላ ትደር።

በሚቀጥለው እትም በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ድረስ ቸር እንሰንብት።