ጸሎት በእንባ ብዛት አይሰፈርም

ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቀው በአብነት ሰፈር፤ ወደ መርካቶ ንግዱ ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ማልዶ የሚሄድ ሰው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ተሳልሞ ያልፋል። ነገር ግን ከንፈሩ ጸሎቱን ሲያደርስ ልቡ የደረቀበት፤ ሰማይም የተዘጋ የሚመስለው ጥቂት አይደለም። ይህን ኀዘኑን ለሰው የገለጠ እንደ ሆነ ግን «ኀጢአትህ ቢበዛ ነው እግዚአብሔር የራቀህ፤ እንባ የሌለበት ጸሎት አያርግም» የሚል መካሪ አይጠፋም። ሌላውም ተነሥቶ «ልብህ ካልተሰማው ማስመሰል ነውና ተወው» ይለዋል። የፊተኛው ተስፋውን ያስቈርጠዋል፤ የኋለኛው ዳዊቱን ያስጥለዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ስሕተት ነው፤ የእግዚአብሔርን ቅርበት በሰው ስሜት ይመዝናሉና።

ይህ ፍርድ እውነት ቢሆን ዳዊት ከነቢያት ተራ በወጣ ነበር። አምላኩ እንደ ተወው፤ ቀንና ሌሊት ቢጮኽም እንዳልመለሰለት በ21ኛው መዝሙር ተናግሯልና። ይህንኑም የመዝሙር ቃል ጌታ በዕለተ ዓርብ በ9 ሰዓት በመስቀል ላይ ሳለ አሰምቶ ተናግሮታል። ሊቃውንት ጌታ ይህን የተናገረው ስለ አዳም ተገብቶ ነው ብለው ይተረጕማሉ። እንዲህ ከሆነ ይህ ጩኸት የአዳም ልጆች ሁሉ ጩኸት ነው፤ ጌታ ለራሱ ያደረገውንስ ጩኸት ነውር ነው የሚል ማን ነው? ኢዮብም ወደ ፊት ቢሄድ ወደ ኋላም ቢመለስ አምላኩን እንዳላገኘው በ23ኛው ምዕራፍ አስታውቋል። ዳሩ ግን በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው ኢዮብን ኀጢአተኛ ነህ ብለው በወቀሱት ወዳጆቹ ላይ ነው።

ሰውን በውጭ አይቶ መፍረድ ካህንንም ያሳስታል። ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈርዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቢያያት፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ነገር ግን ነገርዋን በሰማ ጊዜ ፍርዱን ትቶ በሰላም መርቆ አሰናበታት። መካሪ ሊከተለው የሚገባው የዔሊን መጀመሪያ አይደለም፤ መጨረሻውን ነው።

በአፉ እያከበረ ልቡ የራቀ ሕዝብ በነቢዩ በኢሳይያስ ተወቅሶ የለምን? የሚል ቢኖር፤ አዎን፤ ተወቅሷል። ነገር ግን የተወቀሰው ርቆ ሳለ መራቁ ያላሳዘነው ሕዝብ ነው። ራቅሁ ብሎ የሚያዝን ሰው ግን በማዘኑ ፍቅሩን ያስመሰክራል፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅምና።

የመነኮሳት መጻሕፍትም ይህን ፈተና ያውቁታል። ማር ይስሐቅ ነፍስ በጨለማ የምትያዝበት ሰዓት እንዳለ አስተምሯል። በዚያም ሰዓት መጸለይ ያቃተው መነኵሴ ራሱን በልብሱ ሸፍኖ ይተኛ እንጂ ከበዓቱ እንዳይወጣ መክሯል። ይህ የሚራራ አባት ምክር ነው፤ ከሥርዓትህ አትውጣ ይላል እንጂ አልቅስ ብሎ አያስገድድም። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም 7 ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባው ብሎ እንደ ነበር ይተረካል። ወፍጮ እየፈጨ፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም እየጸለየ ጸና። ዛሬ በሌሊት የሚቆመውን ሰዓታት የደረሰው እርሱ ነው። በ3ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት «ተወው» የሚል መካሪ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፤ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል በጐደለባት ነበር!

ስለዚህም አባቶች ጸሎትን በሥርዓት አጸኑት እንጂ ለስሜት አልተዉትም። በቀን 7 የጸሎት ጊዜ ተወስኗል፤ ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም ለ7ቱ ዕለታት ተከፍሏል። የሰኞው ድርሻ ደስ ላለውም ለከፋውም የሰኞ ነው። ልብ ሲደርቅ ሰውን የሚሸከመው ይህ ሥርዓት ነው፤ የደከመ መንገደኛ በምርኵዙ እንደሚደገፍ።

ይሁን እንጂ ከካህናትም የሚፈለግ ዕዳ አለ። ዳዊቱን በግዕዝ እየደገመ ትርጓሜውን ያልሰማ ክርስቲያን ብዙ ነው። የማያስተውለውን ሲያነብ ልቡ ቢቀዘቅዝ ምን ያስደንቃል? ለዚህ ሰው ወቀሳ መድኀኒት አይሆነውም፤ ከግዕዙ ጐን አማርኛው የታተመበትን ዳዊት ይስጡት፤ አንዱን መዝሙር እንኳ ተቀምጠው ይተርጕሙለት። ኀዘንና ሕመም ያደከመውንም ከኀጢአተኛ ሳይቈጥሩ እንዲያርፍ፤ ሐኪምም እንዲያይ ይምከሩት።

አብነት ማለት የሚከተሉት ምሳሌ ማለት ነው። እንባ ሳይኖረው፤ ሰማዩም ተዘግቶ ሳለ፤ ነገ ደግሞ ከደጀ ሰላሙ የሚቆም ሰው ለጎረቤቱ አብነት ነው። መካሪዎች ይህን ሰው ከመውቀሳቸው በፊት እንደ እርሱ ደርቀው መቆም ይችሉ እንደ ሆነ ራሳቸውን ይጠይቁ።