ውሃን ለሥር እንጂ ለፀሐይ ማጠጣት አይገባም

መሬት ያለ ውሃ ፍሬ እንደማይሰጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። ነገር ግን ወደ አትክልት ቦታ የደረሰው ውሃ ሁሉ ወደ ተክሉ ሥር እንደማይደርስ፤ ይልቁንም በቆላ ምድር ብዙው በፀሐይና በነፋስ ተወስዶ እንደሚቀር ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ከሩቅ ወንዝ በጀርባ ተሸክመው ያመጡትን ውሃ በጋለ አፈር ላይ አፍስሶ ለፀሐይ መስጠት ከድካም ሁሉ የከፋ ድካም ነው። ስለዚህ የክልል፣ የዞንና የወረዳ ሹማምንት ስለ መስኖ በሚመክሩበት ጊዜ፣ ውሃው ከየት ይምጣ ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ የመጣው ውሃ ወዴት ይሄዳል ብለውም ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የተገኘ አንድ መልስ አለ፤ እርሱም ውሃን ከመሬት በታች በሥሩ አጠገብ ማኖር ነው። በቻይና አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ፋን ሼንግዢ የተባለ የእርሻ ሊቅ፣ የሸክላ ዕቃ በጉድጓድ መካከል አፉ ከመሬት ጋር ትክክል ሆኖ እንዲቀበር፣ ውሃ ተሞልቶም እንዲከደን፣ በዙሪያውም አራት የሐብሐብ ወገን ዘር እንዲዘራ ጽፎ አስተምሯል። በህንድ አገርም በካርናል ከተማ የጨዋማ አፈር ምርመራ ተቋም ውስጥ የነበረው ሞንዳል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ይህንኑ አሠራር መርምሮ ለዓለም አስታውቋል።

የአሠራሩ ምሥጢር ለኢትዮጵያ ባላገር እንግዳ አይደለም። በቤት ጥግ የተቀመጠ እንስራ ላብ እንደሚያልበውና ውሃው እንደሚቀዘቅዝ ሁሉም ያውቃል፤ ይህም ሸክላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በተቀበረ ጊዜ፣ በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን ይስባል፤ አፈሩ ሲርስ ደግሞ መሳቡ ይቀንሳል። እንግዲህ ተክሉ የሚጠጣው በሚፈልገው መጠን ነው ማለት ነው። ሥሮቹም ወደ ዕቃው ተሰብስበው ያቅፉታል። የመሬቱ ፊት ግን ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ፣ አረሙ ያንሳል፤ በፀሐይ የሚጠፋውም ውሃ ጥቂት ይሆናል።

ልኩን ለመረዳት እንዲህ አድርጎ ማስላት ይቻላል። አንዲት ባለቤት እያንዳንዳቸው አምስት ሊትር የሚይዙ ዐሥር ማሰሮዎች ቀብራ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብትሞላ፣ የሚያስፈልጋት ውሃ 100 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ነው። በእያንዳንዱ ማሰሮ ዙሪያ አራት አራት የቲማቲም ወይም የዱባ እግር ብትተክል፣ በዚህ ውሃ 40 እግር አትክልት ትጠብቃለች። አፈሩና ሙቀቱ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የመሙያው ቀን ሊቀርብ ወይም ሊርቅ ይችላል፤ ስለዚህ ማሰሮው ሳይደርቅ መሙላት ይገባል።

ማሰሮው ግን ለወጥ እንደሚሠራው መሆን የለበትም። ለምግብ የሚሠራው ሸክላ ከመተኮሱ በፊት በጠጠር ተፈግፍጎ ይለሰልሳል፤ በኋላም ይሟሻል፤ በዚህም ቀዳዳው ይደፈናል። ለመሬት የሚሆነው ያልተፈገፈገና ያልተሟሸ ሊሆን ያስፈልጋል። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ውሃ ሞልተው ሲያሳድሩት በማግሥቱ ውጭው ረጥቦ ከተገኘ ለሥራው ይበጃል፤ ደረቅ ሆኖ ካደረ ግን ለሌላ ጉዳይ ይዋል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ይህ አሠራር ለጤፍና ለስንዴ ማሳ አይሆንም፤ ለጓሮ አትክልትና ለዛፍ ችግኝ እንጂ። ድፍርስና ጨዋማ ውሃ ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ከሁሉም በላይ ክዳኑ ችላ ሊባል አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ የምትራባ ናት፤ ስለዚህ አፉን ሳይከድን ማሰሮ የሚቀብር ሰው ለጎረቤቱ በሽታ ያዘጋጃል።

አንዳንድ ሹማምንት በዚህ ዘመን ስለ ሸክላ መናገር ወደ ኋላ መመለስ ነው ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ የፕላስቲክ ቧንቧ ከመሬት በታች የመቅበር ጥበብ በውጭ አገር ተስፋፍቷል፤ በአሜሪካ በካንሳስ ከ1989 ጀምሮ በበቆሎ ላይ ሲጠና ቆይቷል። ነገር ግን ይህ ቧንቧ ማጣሪያ፣ የውሃ ግፊትና የሠለጠነ ጠጋኝ ይሻል፤ ጭቃ ወይም ሥር ከገባበት ይደፈናል፤ የተቀበረ ስለሆነም ብልሽቱ ቶሎ አይታይም። ለትልቅ እርሻ መልካም ነው። መለዋወጫው በገበያ በማይገኝበት ቀበሌ ግን፣ በምረቃው ቀን ተጨብጭቦለት በዓመቱ የተጣለ ዕቃ ይሆናል። ማሰሮ ቢሰበር ሌላውን የምትሠራው ሴት በቅርብ ገበያ ተቀምጣለች።

ስለ እርስዋም አንድ ቃል ይገባል። ሸክላ ሠሪ በብዙ አገር ስትናቅ ኖራለች፤ ገበሬው በሠራችው ምጣድና ድስት እየበላ እርስዋን ቡዳ ብሎ ሲሸሻት ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። አሁን የወረዳው ሹም ለችግኝ ጣቢያው መቶ ማሰሮ በዋጋ ቢያዝላት፣ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ክብርዋን ይመልስላታል።

ነገሩ ከጓሮ አትክልት ያልፋል። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ወዲህ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። በሐምሌ የተተከለው ሁሉ ግን ሚያዝያን አይሻገርም። የተከለው ሕዝብ በክረምቱ ጭቃ የደከመው ድካም ችግኙ በበጋ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራም እያመነታ ይመጣል። ስለዚህ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በሚያዝያ በሕይወት የተገኘውን ቆጥረው ቢያስታውቁ ይሻላል። በደረቅ ቦታ ለሚተከል ማንጎ፣ ሎሚ ወይም የጥላ ዛፍም ማሰሮው ከችግኙ ጋር በአንድ ቀን ይቀበር፤ በኋላ መቆፈር ሥር ይቆርጣልና።

ሥራው የሚጀመረው ከትልቅ በጀት አይደለም። በአንድ ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሃያ ችግኝ በማሰሮ፣ ሃያ ችግኝ በልማድ ውሃ ይተከል፤ ለሁለቱም የፈሰሰው ውሃ በጀሪካን ይቆጠር፤ በሚያዝያም ገበሬው ተጠርቶ በዓይኑ ይይ። ባላገር ከተነገረው ይልቅ ያየውን ያምናል።